ሦስቱ ስህተቶች የት ተደብቀው ነበር? የፋልከን 1 ሮኬት የጉዳይ ጥናት

ኦገስት 3 ቀን 2008 ስፔስኤክስ ሦስተኛ ሮኬቱን አጣ። ኩባንያው ከተመሠረተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ መሥራቹ ኢሎን ማስክ ከግል ሀብቱ የመደበው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ ማለቁ ተቃርቧል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ኩባንያው ምሕዋር ያስገባው አንድም ዕቃ አልነበረም። ልክ በስምንተኛው ሳምንት፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ አራተኛው ሮኬት ተነሥቶ ምሕዋር ገባ። ሦስተኛውን የጣለውን ስህተት ለማረም የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በበረራው መርሐ ግብር ውስጥ የነበረች አንዲት ትእዛዝ በጥቂት ሰከንዶች እንድትዘገይ ተደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠርና በግሪንዊች ሰዓት የተሰጡ ናቸው።)

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ስለ አለመበገር ነው። አለመበገር እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ ሆኖም ከስፔስኤክስ በፊትም ሆነ በኋላ ሳይበገሩ ገንዘባቸውን ጨርሰው የተዘጉ የሮኬት ኩባንያዎች ጥቂት አይደሉም። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ሦስቱ ስህተቶች ሮኬቱ ከመሬት ከመነሣቱ በፊት የት ተደብቀው እንደነበር መመርመሩ ነው። የመጀመሪያው በመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች በተመዘገበው ልኬት ውስጥ ነበረ፤ የሚያየው ግን አልተገኘም። ሁለተኛው በሥጋት ዝርዝር ላይ ተጽፎ ነበር፤ ትኩረት ግን አልተሰጠውም። ሦስተኛው ደግሞ ምድር ላይ በተደረገ በየትኛውም የሞተር ሙከራ ሊታይ የማይችል ነበር። ሦስቱ በአንድ ስም «ውድቀት» ይባሉ እንጂ በአንድ ዓይን ሊመዘኑ አይገባም።

የኩባንያው አነሣስና የሮኬቱ ይዘት

ስፔስኤክስ የተመሠረተው በ2002 በካሊፎርኒያ፣ ኤል ሴጉንዶ በምትባል ከተማ ነው። የሞተሩን ሥራ ቶም ሙለር፣ የኤሌክትሮኒክሱን ሃንስ ኮኒግስማን፣ የሽያጩን ጉዊን ሾትዌል ያዙ። ሞተር የሚሞከርበትን ቦታ በቴክሳስ ማክግሬገር አገኙ፤ ቦታው በ2000 ሥራውን ካቆመው ቢል ኤሮስፔስ ከተባለ ሌላ የግል የሮኬት ኩባንያ የቀረ ነበር። ጀማሪ ድርጅት የከሰረ ቀዳሚውን መድረክ ወርሶ ሥራ ሲጀምር፣ ማስጠንቀቂያውን በየቀኑ እያየ ነው የሚሠራው።

ፋልከን 1 ወደ 21 ሜትር የሚረዝም፣ 1.7 ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲነሣ ወደ 27 ቶን የሚመዝን ባለ ሁለት እርከን ሮኬት ነበር። ከዚህ ክብደት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ የሚሆነው ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። የመጀመሪያው እርከን ሜርሊን በተባለ አንድ ሞተር ይገፋል፤ ሁለተኛው እርከን ኬስትሬል የተባለ ትንሽ ሞተር ያለው ሲሆን፣ ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው በፓምፕ ሳይሆን በሂሊየም ግፊት ነው። የማምጠቂያው ዋጋ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተነገረ፤ ይህም በዚያ ዘመን ትናንሽ ሳተላይቶችን ከሚያመጥቀው፣ ከአውሮፕላን ሥር ከሚለቀቀው ፔጋሰስ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ የረከሰ ነበር።

ትንሽ ሮኬት መሥራት ከትልቅ ሮኬት ይልቅ ቀላል ይመስላል፤ በገንዘብ ረገድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር፣ የማስወንጨፊያ ቦታው ሠራተኞች፣ የደኅንነት ቁጥጥሩ፣ የምርመራው ወረቀት ሮኬቱ በማነሱ ብዙም አይቀንሱም፤ የሚቀንሰው የሚጫነው ሳተላይትና ከደንበኛው የሚገኘው ገቢ ነው። በዚህ ምክንያት ትንሽ ሮኬት የሚሠራ ኩባንያ ወይ እጅግ ቆጣቢ መሆን ወይም በተደጋጋሚ ማምጠቅ ይኖርበታል። ስፔስኤክስ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው፣ እንደምናየው፣ ጭራሽ አልሆነለትም።

ወደ ኦሜሌክ

መጀመሪያ የታሰበው ከካሊፎርኒያው የቫንደንበርግ አየር ኃይል ጣቢያ ማምጠቅ ነበር። መድረኩ ተዘጋጅቶ በሜይ 2005 ሞተሩ በቦታው ተለኩሶ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ በአቅራቢያው ካለው መድረክ ታይታን 4 የተሰኘ ግዙፍ የመንግሥት ሮኬት ሊነሣ ተራ ይጠብቅ ስለነበር፣ አዲሱ ኩባንያ መቼ እንደሚፈቀድለት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ጓዙን ጠቅልሎ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ወዳለው፣ በማርሻል ደሴቶች ወደሚገኘው የክዋጃሊን የአሜሪካ ጦር የሚሳይል መሞከሪያ ተዛወረ። ለማስወንጨፊያ የተሰጠችው ኦሜሌክ ከዋናው የክዋጃሊን ደሴት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቂት ደቂቃ የምትታለፍ ትንሽ የኮራል መሬት ናት።

ዝውውሩ ጊዜ ቆጥቧል፤ ዋጋ ግን አስከፍሏል። ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው፤ በመርከብ ተጭኖ በሞቃት ባሕር ላይ ሲጓዝ እየተነነ ያልቃል። ኖቬምበር 26 ቀን 2005 አንድ ቫልቭ በስህተት ተከፍቶ በመተዉ ኦክስጅኑ ፈሶ አለቀና የመጀመሪያው ሙከራ ቀረ። በዲሴምበር ንፋስ በርትቶ በረራው ከተሰረዘ በኋላ ነዳጁ ከታንኩ ተመልሶ ሲወጣ፣ ሌላ ቫልቭ አልታዘዝ ብሎ በታንኩ ውስጥ አየር አልባነት ተፈጠረ፤ የመጀመሪያው እርከን ገላ እንደ ባዶ ጣሳ ወደ ውስጥ ተጨራመተ። በዚህ ሁሉ መካከል ሮኬቱ ለወራት በጨዋማ አየር ተከቦ ቆየ። የመጀመሪያውን ውድቀት ያመጣው ይኸው ጨው ነው።

ዳዶው

ማርች 24 ቀን 2006 ፋልከን 1 የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎች የሠሩትን ፋልከንሳት 2 የተባለ ትንሽ ሳተላይት ተሸክሞ ተነሣ። በ25 ሰከንድ ገደማ በሞተሩ ዙሪያ እሳት ታየ፤ እሳቱ ቫልቮቹን ከፍቶ የሚይዘውን የሂሊየም መሥመር ሲበላ ግፊቱ ወረደ፣ ቫልቮቹ ተዘጉ፣ ሞተሩም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ሮኬቱ ከባሕሩ ዳር ባለው ኮራል ላይ ወደቀ። ሳተላይቱ ከጫፉ ተወርውሮ የዕቃ ማከማቻውን ጣሪያ ቀዶ ወለሉ ላይ ተገኘ።

መጀመሪያ ጥፋተኛ የተባሉት ከበረራው በፊት በነዳጅ ቱቦው ላይ የሠሩት ቴክኒሻኖች ነበሩ፤ ዳዶውን ፈትተው ሲመልሱ አላጠበቁትም ተባለ። የተሟላው ምርመራ ሲደረግ ግን ሌላ ነገር ተገኘ፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው የቱቦ ማጋጠሚያ ዳዶ በጨው ዝገት ከውስጥ ተበልቶ ተሰንጥቆ ነበር። ዝገቱ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ስለሚሄድ፣ ከላይ ላየው ሰው ዳዶው ደኅና ይመስላል። ከዚያ በኋላ የአሉሚኒየም ዳዶዎቹ ሁሉ በማይዝግ ብረት ተተኩ፤ የሚገርመው ደግሞ የማይዝገው ብረት በዋጋም የሚረክስ መሆኑ ነው።

ለዚህ ጥናት ከዳዶው ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሌላው የምርመራው ግኝት ነው። ኬሮሲኑ መንጠባጠብ የጀመረው በረራው ሊጀመር 400 ሰከንድ ሲቀረው፣ የፓምፑ መግቢያ ቫልቮች እንደተከፈቱ ነው። ይህም ማለት ከስድስት ደቂቃ በላይ ነዳጅ እየፈሰሰ፣ ልኬቱም እየተመዘገበ፣ ቆጠራው ግን ሳይቋረጥ ቀጥሏል። መረጃው ነበር፤ መረጃውን አይቶ «ቁም» የሚል ሥርዓት ግን አልነበረም። ስለዚህ ከዳዶው መለወጥ ባልተናነሰ የጠቀመው፣ በቀጣዮቹ ሮኬቶች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ እጅግ በርካታ ልኬቶችን እያየ ቆጠራውን እንዲያቋርጥ መደረጉ ነው። ቴክኒሻኖቹን በተመለከተ፣ ምርመራው ሳያልቅ በሰው ላይ ጣት መቀሰር ጥፋቱን ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል፤ ጥፋቱ የእጅ ሥራ ነው ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ የአሉሚኒየሙ ዳዶ በሚቀጥለው ሮኬት ላይም ይታሰር ነበር።

አሥራ አንደኛው ሥጋት

ሁለተኛው በረራ ማርች 21 ቀን 2007 ሆነ። መጀመሪያ ሞተሩ ተለኩሶ የቃጠሎ ግፊቱ ከተፈቀደው ጥቂት ዝቅ በማለቱ ኮምፒውተሩ አቋረጠው፤ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ግን ችግሩ ታርሞ ሮኬቱ ተነሣ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማድነቅ ይገባል፤ ከአንድ ዓመት በፊት እየፈሰሰ የነበረን ነዳጅ ሳያይ ያለፈው ሥርዓት አሁን ጥቃቅን ልዩነት አይቶ አስቁሟል፣ ቡድኑም ምክንያቱን ለይቶ በዚያው ቀን መልሶ ለማስነሣት በቅቷል።

እርከኖቹ ሲለያዩ የሁለተኛው ሞተር አፈሙዝ ሁለቱን እርከኖች ከሚያያይዘው የማገናኛ ቀለበት ጋር ተነካካ። መነሻው በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የነዳጅ አጠቃቀም ፋይል የተሳሳተ መሆኑ ነበር፤ በዚህ ሳቢያ የመጀመሪያው እርከን ከታሰበው ያነሰ ሠርቶ መለያየቱ አየሩ ገና ወፈር ባለበት ከፍታ ላይ ሆነ። ይህ ግን ሮኬቱን አልጣለውም። የጣለው ከዚያ ቀጥሎ የመጣው መወዛወዝ ነው።

ግማሽ ድረስ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ውሃው ወዲያና ወዲህ ሲናጥ ተሸካሚውን ያንገዳግደዋል፣ ተሸካሚው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲወዛወዝ ደግሞ ውሃው ይብስ ይናጣል። በሁለተኛው እርከን ታንክ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ኦክስጅን እንደዚያ መናጥ ጀመረ። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው እንቅስቃሴውን ለማረም ሞተሩን ወደዚህም ወደዚያም ሲያዞር ንጠቱን አባባሰው። በመጨረሻ እርከኑ በራሱ ዛቢያ ላይ መሽከርከር ያዘ፤ ፈሳሹም ወደ ታንኩ ግድግዳ ተገፍቶ ከመውጫው ቀዳዳ ራቀ፣ ሞተሩም የሚያቃጥለው አጥቶ ጠፋ። ሮኬቱ 289 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ምሕዋር የሚገኘው በከፍታ ሳይሆን በፍጥነት ነው። በሰከንድ ወደ 7.5 ኪሎ ሜትር መድረስ ሲገባው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቀረ።

የንጠት ችግር አዲስ ግኝት አይደለም። የሮኬት መሐንዲሶች ከቀድሞ ጀምረው የሚያውቁት፣ መፍትሔውም በታንኩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ፈሳሹን የሚገታ ዝርግ ብረት ማሰር እንደሆነ የተጻፈ ነገር ነው። የፋልከን 1 ባለሙያዎችም አስበውበት ነበር። የበረራውን ሥጋቶች በደረጃ ሲዘረዝሩ ንጠት አሥራ አንደኛ ላይ ወጣ፤ ትኩረት የተሰጣቸው ግን የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ነበሩ። ተጨማሪው ብረት ክብደት ይጨምራል፤ በትንሽ ሮኬት ሁለተኛ እርከን ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ከሳተላይቱ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ነው። በስሌቱ ንጠቱን መቆጣጠር እንደሚቻል ታይቶ ነበርና ብረቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማስክ «ዝርዝሩ አሥራ አንድ ይሁን» የሚል ቀልድ ይናገር እንደነበር ይተረካል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ አሥራ ሁለተኛውን ሥጋት ግን አያድነውም። የዝርዝሩ ችግር ርዝመቱ ሳይሆን፣ የማይከፈል ዋጋ ያለውን ሥጋት በርካሽ ከሚታለፍ ጋር በአንድ ሰልፍ ማስቆሙ ነበር።

ከዚህ በረራ በኋላ ኩባንያው የሙከራው ምዕራፍ እንደተጠናቀቀ ገለጸ። ሮኬቱ ጠፈር ደርሷል፣ አብዛኞቹ ክፍሎቹ ሠርተዋል የሚለው ክርክር ሐሰት አልነበረም። ይሁንና ምሕዋር ያልገባ ሮኬት «ተሞክሮ አልቋል» ተብሎ የደንበኞች ሳተላይት ሲጫንበት፣ በእኔ ግምት ይህ ከሦስቱም የቴክኒክ ስህተቶች የባሰ የአመራር ስህተት ነው። ውጤቱ በሦስተኛው በረራ ታየ።

የባሕር ወለል ግፊት የሸፈነው

ለሦስተኛው በረራ ሞተሩ ተለውጧል። የቀደመው ሜርሊን የቃጠሎ ክፍሉን ከሙቀት የሚጠብቀው ቀስ በቀስ እየተቃጠለ በሚያልቅ ሽፋን ነበር። አዲሱ ሜርሊን 1ሲ ግን ኬሮሲኑ ከመቃጠሉ በፊት በክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቦዮች እንዲዞርና ግድግዳውን እንዲያቀዘቅዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። የተሻለ ሞተር ነበር፤ ኋላ ለኩባንያው ትልቅ ሮኬት ለፋልከን 9 መሠረት የሆነውም እርሱ ነው።

ኦገስት 3 ቀን 2008 ሮኬቱ ትሬይልብሌዘር የተባለ የመከላከያ ሳተላይት፣ ፕሪሳትና ናኖሴይል ዲ የተባሉ ሁለት የናሳ ጥቃቅን ሳተላይቶች፣ በተጨማሪም የጠፈር ተጓዡን የጎርደን ኩፐርንና የተዋናዩን የጄምስ ዱዋንን ጨምሮ የ208 ሰዎችን አስከሬን አመድ ይዞ ተነሣ። የመጀመሪያው እርከን ያለ እንከን ሠራ። ሞተሩ ጠፋ፤ ከ1.5 ሰከንድ በኋላ እርከኖቹ ተለያዩ። ተለያይተው ሲያበቁ ግን ወደ ኋላ ሊቀር የሚገባው የመጀመሪያው እርከን ወደፊት ገፍቶ ሁለተኛውን ከኋላው መታው።

ምክንያቱን ለማግኘት ቀናት ብቻ ነው የፈጀው። ሞተሩ ሲዘጋ በቦዮቹ ውስጥ የቀረው ኬሮሲን ወደ ቃጠሎ ክፍሉ መንጠባጠቡን ቀጥሎ ደካማ ግፊት ፈጥሯል። ግፊቱ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ነበር። የባሕር ወለል አየር ግፊት ደግሞ 14.7 ፒኤስአይ ነው። በቴክሳስ መሞከሪያ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ግፊት ከውጪው አየር ያነሰ በመሆኑ ምንም አልገፋም፤ በልኬቱም ላይ ትርጉም ያለው ነገር ሆኖ አልታየም። ከከባቢ አየር በላይ ግን የሚቋቋመው ነገር የለም፤ ያው 10 ፒኤስአይ፣ ነዳጁን ጨርሶ የቀለለውን እርከን ለመግፋት ከበቂ በላይ ነበር። ትርፍ ገፊ ኃይሉ እንደሚኖር አስቀድሞ በስሌት ማሰብ ይቻል ነበር ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱን ስህተቶች አንድ ላይ ስንመዝን፣ ያለ በረራ ለመገለጥ አስቸጋሪ የነበረው ይህ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው በሌሎች ሳተላይት ላይ መገለጡ ነው።

አራተኛው

መጀመሪያ የታሰበው ገንዘብ ለሦስት በረራ የሚበቃ ነበር። ደግነቱ ለአራተኛ ሮኬት የሚሆኑ ክፍሎች በፋብሪካው ነበሩ፤ ፋውንደርስ ፈንድ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅትም በዚያው ወር 20 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሮኬቱን በመርከብ መላክ ብዙ ሳምንት ስለሚወስድ ሲ 17 የተሰኘ የአየር ኃይል ጭነት አውሮፕላን ተገኘ።

አውሮፕላኑ ሃዋይ ለማረፍ ከፍታውን ሲቀንስ በጭነቱ ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ጨመረ። በሮኬቱ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ግን በዚያው ፍጥነት ሊስተካከል አልቻለም፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ ጠባብ ነበር። በጭነቱ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት የኩባንያው ሠራተኞች የብረት ገላ ሲጨራመት የሚያሰማውን ድምፅ ሰሙ፤ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ በቢላ ቀደው፣ ወደ ማገናኛው ቀለበት ገብተው አየር የሚያስገባ መሥመር ከፈቱ። አብራሪዎቹም መውረዱን አቁመው አውሮፕላኑን መልሰው ከፍ አደረጉት። የ2005ቱ የኦሜሌክ አደጋ በአየር ላይ ተደገመ ማለት ነው፤ ከውስጥ ይልቅ ከውጪ የበለጠ ግፊት፣ ቀጭን ግድግዳ፣ የማይበቃ ቀዳዳ። አንድ ኩባንያ ከአንድ ስህተት የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ ሲሻገር ይዞት እንደማይሄድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ሮኬቱን ወደ ካሊፎርኒያ ይመልሱት ቢባል ሳምንታት ይወስድ ነበር። ደሴቲቱ ላይ ፈታትተው፣ ውስጡን መርምረው፣ የተጎዳውን ጠግነው በጥቂት ቀናት ገጣጠሙት። ስለዚህ «በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው» የሚለው አባባል በንድፍ ረገድ እውነት ቢሆንም፣ በተጨባጭ የተነሣው ሮኬት ግን ተጨራምቶ የተጠገነ ሮኬት ነበር። ሴፕቴምበር 20 ሞተሩ በመድረኩ ላይ ተለኩሶ ተሞከረ። ከዚያም ከሁለተኛው ሞተር የኦክስጅን መሥመር ላይ አንድ ክፍል ለጥንቃቄ ይቀየር ተብሎ በረራው ለጥቂት ቀናት ተገፋ። ኪሱ ባዶ የሆነ ኩባንያ ይህን ማድረጉ ከሁለተኛው በረራ ወዲህ የተለወጠውን አስተሳሰብ ያሳያል። ሌላው ለውጥ በጭነቱ ላይ የታየው ነው፤ የማንም ሳተላይት አልተጫነም። ራትሳት የተባለ 165 ኪሎ የሚመዝን የአሉሚኒየም ዕቃ በሳተላይት ፋንታ ታሰረ።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008 ሞተሩ ሲጠፋ መርሐ ግብሩ ከቀድሞው በአራት ሰከንድ ገደማ የበለጠ ጠበቀ። እርከኖቹ ሳይነካኩ ተለያዩ። ኬስትሬል ሠርቶ ጠፋ፣ ምሕዋር ከገባ በኋላም እንደገና ተለኩሶ ታየ። በግል ኩባንያ የተሠራ፣ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ምሕዋር ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ናሳ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለሚደረጉ 12 የጭነት በረራዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ሰጠው።

የሮኬቱ መጨረሻ

ጁላይ 14 ቀን 2009 ፋልከን 1 የማሌዥያን ራዛክሳት፣ 180 ኪሎ የሚመዝን የምድር ምስል አንሺ ሳተላይት፣ ከምድር ወገብ በቀረበ ምሕዋር ላይ አስቀመጠ። ይህ አምስተኛው በረራ የመጨረሻውም ሆነ። አምስት ጊዜ ተነሥቶ በትክክል ያደረሰው የደንበኛ ሳተላይት አንድ ብቻ ነው፤ እንደ ንግድ ሸቀጥ ከታየ ፋልከን 1 አልተሳካም ማለት ይቻላል። ከናሳ የመጣው ገንዘብ የተሰጠው ለትልቁ ፋልከን 9 ሥራ ነበር፤ ያሉትን መሐንዲሶች በሁለት ሮኬት ላይ ማካፈል አዋጭ አልሆነም፤ ለትንሹ ሮኬት የሚበቃ የማያቋርጥ የደንበኛ ሰልፍም አልነበረም።

በ2009 ኦርብኮም የተባለው የመገናኛ ድርጅት 18 ትናንሽ ሳተላይቶቹን ተሻሽሎ ሊሠራ በታሰበው ፋልከን 1ኢ ለማምጠቅ ተዋውሎ ነበር። ሮኬቱ ሳይሠራ ሲቀር ሳተላይቶቹ ወደ ፋልከን 9 ተዛወሩ። የመጨረሻዎቹ 11 ሳተላይቶች በዲሴምበር 2015 በአንድ በረራ ተጭነው ሄዱ። ፋልከን 1 የመጀመሪያ እርከኑ በጃንጥላ ባሕር ላይ ወርዶ እንደገና እንዲሠራ ታቅዶ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱም አልተመለሰም። እነዚያን 11 ሳተላይቶች የተሸከመው የፋልከን 9 የመጀመሪያ እርከን ግን ሥራውን ጨርሶ ተመለሰና ፍሎሪዳ ላይ በእግሮቹ ቆመ።